ውኃው የሚተኛበት መሬት

ነሐሴ ላይ ከአለም ገና ሚኒባስ ተሳፍሮ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው፣ ሰበታን እንዳለፈ ሰማዩ ይሰፋበታል። ፋብሪካው፣ የቆርቆሮ አጥሩና በጅምር የቆመው ፎቅ እየሳሱ ይሄዱና ግራና ቀኙ ሜዳ ይሆናል። ተፍኪ ሲደረስ ሜዳው ራሱ ውኃ ነው። ግራጫ፣ ጸጥ ያለ፣ እዚህም እዚያም የግራር አናት ብቅ ያለበት ሰፊ ውኃ። አካባቢውን የማያውቅ እንግዳ አጠገቤ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ሐይቁ ማን እንደሚባል ይጠይቀኝ ነበር። ስም የለውም፤ ሐይቅ አይደለምና። በጥቅምት እዚያው ቦታ ላይ ሽምብራ ይበቅላል።

የባሕር በር በሌላት አገራችን ተፍኪ በየዓመቱ ለሁለትና ለሦስት ወር የውኃ ዳር ከተማ ትሆናለች። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በበቾ ሜዳ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ጋሪውና ባጃጁ ጠርዙ ላይ ይተራመሳሉ፤ የሻይ ቤቶቹ በር ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባቸው ደግሞ ወደ ውኃው ነው።

ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ካለ አንድ የጭቃ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። የቤቱ ባለቤት ሰባውን የተሻገሩ አባት ናቸው። «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ በአማርኛ «ደህና ነን ልጄ፣ ግባ» አሉኝ። ግድግዳቸው ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር አለ። ውኃው በየዓመቱ የሚደርስበት ምልክት ነው። ከእሱ በላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ሌላ መስመር ይታያል። ኖራ ተቀብቶበታል፤ ግን ቡናማው ከሥር እየወጣ አልሸፈን ብሏል። በከዘራቸው ጫፍ ሁለቱንም ነካ ነካ አድርገው አሳዩኝ። በታችኛው አያማርሩም። ያንን ውኃ ያውቁታል፣ ይጠብቁታል፣ ሲሸሽም ዘር ይዘው ይከተሉታል። የላይኛውን ሲያሳዩኝ ግን ከዘራው እዚያው ላይ ቆየ፤ ምንም አላሉም።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሁለት መስመሮች ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለመጠበቅ ምን እንደሚያስፈልግና ገንዘቡን ማን ማውጣት እንዳለበት።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር ሳያይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ገና በጉዞው መጀመሪያ ላይ ግን በበቾ ሜዳ ያርፋል። ከበርጋ፣ ከሆለታ፣ ከተጂ የሚወርዱ ገባሮች ሁሉ በአንድ ወቅት ይመጡበታል፤ ሜዳው ደግሞ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው። ወንዙ ዳርቻውን አልፎ ይወጣል፣ ይዘረጋል፣ ይተኛል። የሰበታ ሐዋስ ወረዳ ስም ራሱ ይህንን ይናገራል፤ «ሐዋስ» በኦሮምኛ አዋሽ ማለት ነው።

መሬቱ ዋልካ ነው፤ ኦሮሞው ኮትቻ ይለዋል። ግንቦት ላይ ይህን አፈር ያየ ሰው ስንጥቁ ውስጥ ክንዱን እስከ ክርኑ መስደድ ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ላዩም ውኃ የማያሳልፍ ይሆናል። የሚቀጥለው ዝናብ መግቢያ ያጣና ላዩ ላይ ይቀመጣል። በቾ በክረምት የውኃ ሜዳ የሚሆነው ስለዚህ ነው። መስከረም አልፎ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ያ ሁሉ የተጠጣ ውኃ ከሥር እየወጣ ሰብሉን ያጠጣል። ጓያና ሽምብራ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳያገኙ በዚህ ርጥበት ብቻ ፍሬ ያደርሳሉ። ጤፉም ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የተዘራበት ማሳ በዚሁ አፈር ላይ ነው። የአዲስ አበባ እናቶች ወፍጮ ቤት ወስደው የሚያስፈጩት የበቾ ጤፍ ከዚህ ነው የሚመጣው።

በመካከሉ ያለው ረግረግ ጨፌ ይባላል። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤትም «ጨፌ» የሚል ስም የያዘው የገዳ ጉባኤ በእንዲህ ያለ ለምለም መስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበረ ነው። ጨፌ ስንል ከብት የሚሰማራበት፣ ቄጤማ የሚታጨድበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት መሬት ነው ማለታችን ነው። በበዓል ዋዜማ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ ታጭዶ ነው የሚሄደው። የከተማ ሰው ቄጤማውን ያውቃል፤ የበቀለበትን ቦታ ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። በካርታ ላይ ስናየው ደግሞ «ባዶ ቦታ» እንለዋለን።

ባዶ አይደለም፤ ሥራ ላይ ያለ መሬት ነው። በሁለትና በሦስት ቀን የወረደውን ዶፍ ተቀብሎ ለሳምንታት ይይዘውና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከተፍኪ በታች አዋሽ መልካ ቁንጡሬን ያልፋል። ሰው ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በወንዙ ዳር የተቀመጠበት፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቦታ ነው። ከዚያ ወርዶ ቆቃ ይገባል፤ ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን ደለል ለረጅም ዓመታት ሲያጣብበው ኖሯል። በቾ ላይ ያልተኛ ውኃ ቆቃ የሚደርሰው ተጣድፎና ጭቃውን ተሸክሞ ነው። ከቆቃም በታች ወንጂ፣ መተሐራ፣ አሚባራ አሉ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከላይ እስከ ታች ሲሞላ በሰበታ ሐዋስና በኢሉ ወረዳዎች ማሳና መንደር ተውጧል፤ በአፋር ደግሞ ብዙ አሥር ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። የላይኛው ሜዳ ሲጠብ የታችኛው ሕዝብ ይጎዳል።

የላይኛውን መስመር ማን አመጣው? አንድ ጥፋተኛ የለም። ከሰበታ በላይ የወጨጫ ተራራ አለ። በጎኑ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት እንደሆነ ይተረካል። ይህ በአገራችን ከምናውቃቸው ጥንታዊ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔዎች አንዱ ሊባል የሚችል ነው፤ አንድ መንግሥት «ይህ ተራራ ደን ይሆናል» ብሎ ወሰነ፣ ቅሪቱም እስከ ዛሬ ውኃ ይይዛል። በዙሪያው ያለው ተዳፋት ግን ታርሷል፣ ተመንጥሯል፣ ባሕር ዛፍ ሆኗል። ቀድሞ ሳርና ሥር ያቆየው የነበረው ዝናብ ዛሬ አፈር ይዞ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ከሥር ደግሞ ከተማው አለ። ጣሪያና አስፋልት ውኃ አይጠጡም። ሜዳውን አቋርጦ አፈር ተሞልቶበት ከፍ ተደርጎ የተሠራ መንገድ፣ ቱቦው ጠባብ ከሆነ፣ ማንም ግድብ ብሎ ያልሰየመው ግድብ ይሆናል። በረግረጉ ላይ ድንጋይና ገረጋንቲ ደፍቶ መሠረት ያወጣ ሁሉ የራሱን ቦታ ከውኃ አድኗል። ውኃው ግን የትም አልጠፋም፤ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። በከዘራ ወዳሳዩኝ ግድግዳ ሄደ።

ሰበታ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች፤ ገዳሟ፣ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ፣ የአረቄ ፋብሪካዋ፣ ኋላም ሜታ አቦ ቢራ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የአበባ እርሻውም፣ ፋብሪካውም፣ የመኖሪያ ሰፈሩም እየተከታተለ መጣ። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻው እዚሁ ሰበታ ነው። እህል ጎተራ የነበረው አቅጣጫ ለባለሀብት የጅቡቲ ወደብ በር ሆነ። ይህ ዕድገት ለብዙ ወጣት እንጀራ ሰጥቷል፤ በዚህ የሚከፋ የለም። ጉዳዩ ዕድገቱ እየተንፏቀቀ ወደ ዋልካው መውረዱ ነው።

«ታዲያ ፕላን አይወጣለትም?» የሚል ይኖራል። ወጥቶለት ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በዚህ አካባቢ «ማስተር ፕላን» የሚለው ቃል የቢሮ ቃል ብቻ አይደለምና።

አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣመረው የተቀናጀ የልማት ፕላን ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ላይ ሲሰማ በኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲዎች ተቃውሞ ተነሳ፤ የተማሪ ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው እንደገና ሲቀጣጠል የጀመረው ጊንጪ ላይ ነበር፤ አዋሽ በሚነሳበት አገር። ከዚያ ወደ ክልሉ ሁሉ ተዛመተ፣ ብዙ ሰው ሞተ። ጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን በሚል ተደራጅተው ከነበሩት ከተሞችም ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ገቡ።

የዚያ የተሰረዘ ፕላን ወረቀት ውስጥ ስለ አረንጓዴ ቦታና ስለ ወንዝ ዳርቻ የሚያወሳ ቁም ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ገበሬው የሰማው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ትነሳለህ»። ከዚያ በፊት በከተማ መስፋፋት የተነሱ ጎረቤቶቹን አይቷል። በአዋጅ 455/1997 የተሰጠውን ካሳ ሲቀበሉ፣ ገንዘቡ በሁለት ዓመት ሲያልቅ፣ ልጆቻቸው በገዛ መሬታቸው ላይ በተሠራ ግቢ ዘበኛ ሲሆኑ አይቷል። ስለዚህ ፕላን ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ካርታው አልነበረም፤ የጎረቤቱ ዕጣ ነበር። ዛሬም ተፍኪ ላይ ስለ መሬት አጠቃቀም ማውራት የሚፈልግ ሰው ወሬውን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ለውኃው ሜዳ የሚያስፈልገው ፕላን ደግሞ ከሌላው ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፕላን ገበሬው እንዲነሳ አይፈልግም፤ እንዲቆይ ነው የሚፈልገው። ሜዳው ውኃ እንዲተኛበት የሚያደርገው፣ ሳሩን የሚጠብቀው፣ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ሰው ከሌለ ሌላ ጠባቂ አይኖረውም። አጥር ተደርጎበት «የተከለከለ» የሚል ሰሌዳ ቢተከልበት በሦስት ዓመት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ገረጋንቲ ይደፋበታል። ገበሬ ያለበት ማሳ ላይ ግን ማንም መኪና አስገብቶ አፈር አይደፋም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። አዋጅ 455/1997 ለሚነሳ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ምርቱን አሥር እጥፍ ሰጥቶ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ 1161/2011 ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መሻሻል ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚከፍሉት መሬቱን ለቆ ለሚሄድ ነው። መሬቱን ሳይለቅ፣ ሳይሸጥ፣ ሳይሞላ፣ ለከተማው ሁሉ ጥቅም ውኃ አስተኝቶ ለሚኖር ገበሬ በካሳ ሕጉ ውስጥ አንድም ሳንቲም አልተጻፈም። እንዲያው በጽሞና ላሰበው ሕጉ ገበሬውን እንዲለቅ ነው የሚያባብለው።

የከተማው አስተዳደርም ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ አይደለም። በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት ከተሞቻችን ከራሳቸው ከሚያገኙት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚጠብቁት ከመሬት ነው። መንገድ፣ መብራት፣ የተማሪ ወንበር ሁሉ ከዚያ ይጠበቃል። አንድን ከንቲባ «ይህን ሜዳ አታከራይ» ማለት «ገቢህን ቁረጥ» ማለት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ከተማ ሁሉ መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖረው ያዛል። ፕላኑን አክብሮ ሜዳውን የተወ ከተማ ያጣውን ገቢ ከየት እንደሚተካ ግን የሚነግረው የለም። ብዙ ቆንጆ ፕላን መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው አዘጋጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለኝም። የሚከፍልለት ስለሌለ ነው።

ገንዘብ በአገሩ የለም እንዳይባል፣ የካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን «ሸገርን የማስዋብ» ፕሮጀክት እናስታውስ። 56 ኪሎ ሜትር የአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ፣ 29 ቢሊዮን ብር። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተደረገው «ገበታ ለሸገር» አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሸጧል። የቻይና መንግሥትም አግዟል። የወዳጅነት ፓርክ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ሞልቶበት ያየሁት ሰው ነኝና አላቃልለውም። ከዚያ በኋላ «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ይዞ መጣ። ወንጪ ለመድረስ የወሊሶን መንገድ የመረጠ ጎብኚ ተፍኪን አልፎ ነው የሚሄደው። የውኃ ዳርቻ ላይ ገንዘብ ማዋል በአገራችን አዲስ ሐሳብ አለመሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ገንዘቡ የሄደው ሰው ሄዶ ወደሚያየው ውኃ ነው። ተፍኪ ላይ ያለው ውኃ ሎጅ አይሠራበትም፣ ጀልባም አይቀዘፍበትም። ሥራው መተኛት ነው፤ ለሚተኛ ውኃ እስካሁን ገበታ አልቀረበም።

ሌላው የገንዘብ መንገድ ከተሞች በዓለም ባንክ ድጋፍ ያገኙት ነው። መርሐ ግብሩ በሁለተኛው ዙር 44 ከተሞችን፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 117 ከተሞችን አቅፏል። ኮብልስቶኑ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ የገበያ ሼዱ የዚያ ውጤት ነው። አሠራሩ የሚያበረታታው የሚታይና የሚለካ ግንባታን ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ቦይ እንደተሠራ ሪፖርት ማድረግ ይቻላል። ስንት ሔክታር ረግረግ እንዳልተነካ ሪፖርት የሚያደርግ ቅጽ ግን ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ቦዩም ቢሆን ውኃውን ከሰበታ ያስወጣዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ቁልቁል ወደ ተፍኪ ነው የሚልከው።

የወንዙ ባለቤት የሆኑት መሥሪያ ቤቶችም ታሪካቸው ወደ ታች ያዘነበለ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲቋቋም ዓይኑ ጥጥና ሸንኮራ ላይ ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከዚያ ቀድሞ ሥራ ጀምሯል፤ ተንዳሆ፣ አሚባራና መተሐራ ትልልቅ እርሻዎች ሆነዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. የ1965ቱም ሆነ የአማካሪው ድርጅት የሃልክሮው የ1989ኙ የአዋሽ ጥናት አገሪቱ በጣም የምትፈልገውን የመስኖ መሬት ያሳዩት በትጋት ነው። ነገር ግን ወንዙን ከጉዞው መጀመሪያ ላይ የሚያስታምመው ሜዳ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንደ መንገድ ነው የታየው፤ ውኃው የሚያልፍበት እንጂ ውኃው የሚሠራበት ሆኖ አልታየም።

በዚያው ተፋሰስ ውስጥ፣ ከተፍኪ ብዙም ሳይርቅ፣ በሌላ መንገድ የተሠራ ምሳሌ አለ። የበርጋ ረግረግ ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ፣ የአዋሽ ገባር በሆነው በበርጋ ወንዝ ላይ ነው። እዚያ ሳሩ ውስጥ ተደብቃ የምትኖር፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ክንፏ ነጭ የሆነ የረግረግ ወፍ አለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ስትሆን ከምትራባባቸው በጣም ጥቂት ቦታዎች አንዱ በርጋ ነው። ሱሉልታ ሜዳም ላይ ትገኝ ነበር። የሱሉልታን ዛሬ መናገር አያሻም፤ በጎጃም መንገድ ያለፈ ሁሉ ያየዋል። የምትራባው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን ሳሩ በዚያን ጊዜ ካልተጋጠ ጎጆዋ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለበርጋ ሰው «ውጣ» አላለም። ከነዋሪው ጋር ተስማማ፣ ከብቱ ለዚያች አጭር ጊዜ ከመራቢያው ሳር እንዲርቅ መከረ፣ ከውጭ አጋሮች ገንዘብ አፈላልጎ ለልጆቹ ትምህርት ቤት አስገነባ። ነዋሪው የሰጠውን ያውቃል፣ ያገኘውንም ያውቃል፤ ልጁ በየማለዳው ደብተር ይዞ ይሄድበታል።

ይህ ትንሽ ምሳሌ ነው። ትልቁን ለሚፈልግ ኒው ዮርክ አለች። የኒው ዮርክ ከተማ የመጠጥ ውኃዋ የሚመጣው ከሰሜን ካሉ ተራሮችና እርሻዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ውኃው ይጣራ ሲባል ማጣሪያው 6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ ተገመተ። ከተማዋ በ1997 ከገጠሩ ማኅበረሰብ ጋር ስምምነት ፈርማ ከዚያ በጣም ባነሰ፣ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ በሆነ ገንዘብ፣ ገበሬው በረቱን ከወንዙ እንዲያርቅ፣ መንደሩ ፍሳሹን እንዲያስተካክል፣ ደኑ እንዲጠበቅ ከፈለች። ገበሬው ገበሬ እንደሆነ ቀረ። ድርድሩ ቀላል አልነበረም፤ የገጠሩ ሰው ለከተማው ውኃ ሲባል መንደሮቹ በግድብ የተዋጡበትን ዘመን አልረሳም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቂም ላይ ተነስተው ነው የተስማሙት።

አዲስ አበባም ውኃዋን የምትጠጣው ከዙሪያዋ ነው። ገፈርሳ በቡራዩ በኩል ነው፣ ለገዳዲ በምሥራቅ። ጎርፏና ፍሳሿ ደግሞ በአቃቂ በኩል ወርዶ አዋሽ ይገባል። ከተማዋ ከእነዚህ አገሮች ውኃ ትወስዳለች፣ ጤፍ ትወስዳለች፣ ቄጤማ ትወስዳለች፤ ከሜዳቸውም ትጠቀማለች። በየወሩ የውኃ ደረሰኝ የምንከፍል የከተማ ነዋሪዎች የምንከፍለው ለቧንቧው፣ ለፓምፑና ለኬሚካሉ ነው። ከዚያ ደረሰኝ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለሜዳው ጠባቂ ቢሄድ ማናችንም አንጎዳም። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

ሆላንዶችም የሚነግሩን አላቸው። ለስምንት መቶ ዓመት ግድብ ሲያስረዝሙ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ወንዞቻቸው ሞልተው 250,000 ሰው ከቤቱ ሲያወጡ ግን አስተሳሰባቸውን ለወጡ። «ለወንዙ ቦታ» ብለው በሰየሙት ፕሮጀክት ከ30 በላይ በሆኑ ቦታዎች ግድቡን ወደ ኋላ መለሱ፣ ሜዳውን ለውኃ ከፈቱ፤ 2.3 ቢሊዮን ዩሮ አወጡ። እኛ ጋ ወንዙ ቦታውን ገና ሙሉ በሙሉ አልተነጠቀም። እነሱ በቢሊዮን የገዙት ተፍኪ ላይ አሁንም አለ።

ስለዚህ ጥያቄው የሚያስፈራ አይደለም። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የሁለቱ መስመሮች ካርታ ነው፤ ውኃው በየዓመቱ የሚደርስበትና በክፉ ዓመት የሚደርስበት፣ በየቀበሌው፣ ከነዋሪው ጋር እየተዞረ የተሰመረ። ሳተላይት ይረዳል፤ ነገር ግን የዚያን የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚያህል መረጃ የለም። በታችኛው መስመር ውስጥ ግንባታ አይገባም፣ አይሞላም፤ እርሻና ግጦሽ ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል የሚሠራ ካለ ወለሉን ከፍ አድርጎ፣ ውኃ ማሳለፊያ ትቶ ይሠራል። ከላይኛው መስመር ውጭ ያለው ደረቅ ጉብታ ለከተማው ይሆናል፤ ተፍኪም ማደግ መብቷ ነው፣ ወጣቶቿም ሥራ ይፈልጋሉ። የመንገዱ ቱቦዎች ይሰፋሉ። በወጨጫ ተዳፋት ላይ እርከንና አገር በቀል ዛፍ ይገባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በታችኛው መስመር ውስጥ ያለ ገበሬ በየዓመቱ የሚከፈለው ክፍያ ይኖረዋል፤ በስሙ፣ በባንክ ደብተሩ፣ በማይሻር ውል። ውሉ ሲፈረም መሬቱ በምንም ሰበብ እንደማይወሰድበት በግልጽ ይጻፋል። ይህ አንቀጽ ከሌለበት ማንም እንዳይፈርም እኔም እመክራለሁ፤ 2006 እና 2008 ዓ.ም. አልተረሱም።

ገንዘቡ ከአንድ ኪስ መምጣት የለበትም። ሸገር ከተማ ያጣውን የሊዝ ገቢ የክልሉና የፌዴራሉ መንግሥት ሊጋሩት ይገባል። አዲስ አበባ ከውኃ ታሪፏ ድርሻ ብታወጣ ውለታ ሳይሆን ዕዳ መክፈሏ ነው። የታችኛው አዋሽ ስኳርና መስኖም ተጠቃሚ ነውና ድርሻ አለበት። ለጎርፍ መከላከል ብድርና ዕርዳታ የሚሰጡ ወገኖችም ከሲሚንቶው ጎን ለጎን ለሜዳው የሚሆን መስመር እንዲከፍቱ መጠየቅ አለባቸው።

እስከዚያው የሚሆነው የሚታወቅ ነው። የአገራችን በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አዋሽ በበቾ ላይ የሚሞላው በዚያው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መሥሪያ ቤቶች ገና ሒሳብ ዘግተው አዲሱን ሲከፍቱ ውኃው ግድግዳ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ብርድ ልብስና ዱቄት ከአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ይወጣል። መስከረም ላይ ውኃው ይሸሻል፣ ጉዳዩም አብሮት ይረሳል። አዲሱን በጀት የምታዘጋጁ የሸገር ከተማ፣ የኦሮሚያ ክልልና የአዲስ አበባ ኃላፊዎች፣ ከሰኔ 30 በፊት አንድ ቀን ወደ ተፍኪ ውረዱ። የሁለቱ መስመሮች ካርታ የሚሠራበትን ገንዘብ በዚህ ዓመት ያዙ። የጭቃ ቤቱ ከአስፋልቱ በታች ነው፤ በሩም ክፍት ነው፤ አባባ መስመሮቹን ራሳቸው ያሳዩአችኋል።